ስቲል 250 ወይስ ቻይናው? ባህር ዛፍ ለሚቆርጥ ሰው ቼይንሶ ስለመምረጥ

ቼይንሶ፣ ማለትም በቤንዚን የሚሠራ የሰንሰለት መጋዝ፣ ሊገዛ የተነሳ ዘመድ ወይ ጓደኛ ሁሉ ይደውልልኛል። ጥያቄው አንድ ነው፦ «ቻይናው ይበቃኛል ወይስ ስቲል ልግዛ?» መልሴም አንድ ነው። ሥራህ ባህር ዛፍ ከሆነ የጀርመኑን ስቲል ኤምኤስ 250 ግዛ። ይህን የምለው ቻይናውን ገዝቼ ስላየሁት ነው።

በ2014 ለአጎቴ ብዬ መርካቶ ወጣሁ። አጎቴ ቸሃ ውስጥ ባህር ዛፍ አላቸው፤ ለአጣናና ለሞራሌ ይሸጣሉ። ጎኑ ላይ «58 ሲሲ» (የሞተሩ ይዘት) ተብሎ በትልቁ የተጻፈበት የቻይና ቼይንሶ በ13,500 ብር አገኘሁ። 250ው በዚያን ጊዜ ከእጥፍ በላይ ነበር፤ ሲሲው ደግሞ 45.4 ብቻ። ቁጥሩ ትልቅ፣ ዋጋው ትንሽ። ገዛሁት።

በሦስተኛው ወር ሥራ መሃል ቀጥ አለ። ወልቂጤ ወሰድነውና መካኒኩ ፈቱት። ፒስተኑ ጎኑ ተልጧል። የ58 ፒስተን ፍለጋ ልወጣ ስል ከመሳቢያቸው ሁለት አዳዲስ ፒስተን አወጡ፤ አንዱ የ52 ሌላው የ58 ተብለው የሚሸጡ። በካሊፐር ለኩልኝ። አንዱ 45 ሚሊ ሜትር፣ ሌላው 45.2።

«ጋሼ፣ ልዩነታቸው ይቺው ናት?»

«ይቺው ናት ልጄ። የቀረው ተለጣፊ ነው።»

የፒስተኑ ምልልስ እኩል ስለሆነ ልዩነቱ ሲሰላ ግማሽ ሲሲ እንኳ በቅጡ አይሞላም። 58 የተባለው 52 ነው ማለት ነው።

ሂሳቡን ልንገራችሁ። ፒስተን ከነሲሊንደሩ 3,200፣ ካርቡሬተር 1,800፣ ማስነሻው ሁለቴ ተቀይሮ 1,200፣ ፍሪሲዮን 900፣ የእጅና የመጓጓዣ 2,400። በዓመት ከመንፈቅ ውስጥ 13,500ው 23,000 ሆነ። ቆራጮቹ ያለ ሥራ ተቀምጠው አበል የወሰዱባቸውን ቀናት አልቆጠርኩም። በመጨረሻ ለመለዋወጫ ፈላጊ በ2,000 ሸጥነው። በ2015 መጨረሻ 250ውን በ36,000 ገዛሁላቸው። እስካሁን የጠየቀን ሰንሰለት፣ ካንዴላና የአየር ማጣሪያ ብቻ ነው። ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ይህን ዋጋ አትጠብቁ። በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ግን አስቡት፤ ልዩነቱን መካኒክ ቤት ነው የምትከፍሉት።

ወደ ክብደቱ ስንመጣ፣ 250ው ያለ ባር (ሰንሰለቱ የሚዞርበት ረጅም ብረት) እና ያለ ሰንሰለት፣ ነዳጅ ሳይሞላ 4.6 ኪሎ ነው። ጉልበቱ 2.3 ኪሎ ዋት። ቻይናውን ከነባሩ፣ ቤንዚንና ዘይት ሞልተን የእህል ሚዛን ላይ ስንሰቅለው 7 ኪሎ ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ዛፍ ሲጣል ይሄ ብዙ አይታወቅም። ቅርንጫፍ ሲመለመል ግን መጋዙ ቀኑን ሙሉ እጅ ላይ ነው። ከሰዓት በኋላ ክንድ ሲዝል ደግሞ አደጋ ይመጣል።

ቤንዚንም አለ። ቻይናው የሚሠራው በ25 ለ1 ቅልቅል ነው፤ ለ5 ሊትር ቤንዚን 200 ሚሊ ሊትር የቱ ስትሮክ ዘይት። 250ው በራሱ በስቲል ዘይት 50 ለ1 ይሄዳል፤ ለዚያው 5 ሊትር 100 ሚሊ ሊትር። አንድ ሊትር ዘይት በ250ው 50 ሊትር ቤንዚን ያዳርሳል፣ በቻይናው 25። የስቲሉን ዘይት ካላገኛችሁ ግን 250ውንም በ25 ለ1 ቀላቅሉት፤ ለዘይት ብላችሁ ፒስተን አትብሉ። ቤንዚኑን በተመለከተ አጎቴ በቻይናው በቀን 5 ሊትር ይጨርሱ ነበር፤ ዛሬ ለዚያው ሥራ 4 ይበቃቸዋል። ቤንዚን ከጥቁር ገበያ በጀሪካን ለሚገዛ ሰው ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

ስቲል 251 የሚባልም አለ። ነዳጅ እንዲቆጥብ ተብሎ የተሠራ ነው፤ በእርግጥም ይቆጥባል። ግን 4.9 ኪሎ ይመዝናል፣ ጉልበቱም 2.2 ኪሎ ዋት ነው። እኔ 250ውን የምመርጠው 025 ከሚባለው ከድሮው የስቲል ሞዴል ቤተሰብ ስለሆነ ነው። ብዙ መካኒክ ያውቀዋል፣ መለዋወጫውም አይጠፋም።

ወፍራም ግንድ ለጣውላ የሚሰነጥቅ ሰው ግን 250ውን ይተወው። ለዚያ ሁስክቫርና 365 ወይም ስቲል 381 ነው። አዲሱ 365 70.7 ሲሲ፣ 3.6 ኪሎ ዋት ነው፤ ሁለቱም ባዷቸውን ከ6 ኪሎ በላይ ናቸው። አጣና ለመቁረጥ እነሱን መሸከም የቤንዚንም የወገብም ኪሳራ ነው።

አሁን ዋናው ጭንቀት ቅጂው ነው። 250 የሚል ብርቱካናማ ፕላስቲክ የለበሰ ሁሉ ስቲል አይደለም። ተከታታይ ቁጥሩን ፈልጉ፤ ኦሪጅናሉ ላይ ቁጥሩ አካሉ ላይ የተመታ ነው፣ ወረቀት ላይ ታትሞ የተለጠፈ አይደለም። ሰንሰለቱንም አገላብጡት፤ የስቲል ሰንሰለት ብረቱ ላይ ስሙ ተቀርጾበታል። ከእጅ መያዣው ፊት ያለውን የሰንሰለት ፍሬን ወደፊት ግፉት፤ ቀጭ ብሎ መያዝና ሰንሰለቱን ማቆም አለበት። ሻጩ አስነስቶ ላሳያችሁ ካልፈቀደ ሌላ ሱቅ ሂዱ።

ስትገዙ ሁለት ትርፍ ሰንሰለትና ክብ ሞረድ አብራችሁ ያዙ። 250ው በሁለት ዓይነት ሰንሰለት ይመጣል። .325 የሚለው 4.8 ሚሊ ሜትር ሞረድ ይፈልጋል፣ 3/8 P የሚለው 4 ሚሊ ሜትር። ቁጥሩን ባሩ ላይ አንብቡና ሞረዱን በእሱ ግዙ።