ደብረ ማርቆስ ላይ የብረት በር ለምታሠሩ፣ ሥራ ለምትፈልጉም

ደብረ ማርቆስና አካባቢዋ ቤት እየሠራችሁ ያላችሁ፣ በርና መስኮት የት ላሠራ ብላችሁ የምትጨነቁ፣ ይቺን አንብቡልኝ። የማወራላችሁ ስለ አንድ የብረታ ብረት ቤት ባለቤት ነው፤ ስሜን እንዳትጽፊ ስላሉኝ "ጋሼ" እያልኩ እቀጥላለሁ። ሠራተኛው ሁሉ እንደዚያ ነው የሚጠራቸው። ከገጠር የመጡት ልጆች ግን "አያ" ይሏቸዋል። ብረታ ብረት ቤታቸው ውስጥ የሂሳብ ሠራተኛ ነበርኩ። ባለቤቴ ሥራ ተቀይሮ ባሕር ዳር ስለገባን ለቅቄያለሁ። ከእንግዲህ የሳቸው ደሞዝተኛ ስላልሆንኩ እንደ ልቤ ላመስግናቸው።

መጀመሪያ ስለ ሥራው። የብረት በር ላይ ሰው ማጭበርበር ቀላል ነው። ቀለም ከተቀባ በኋላ ላሜራው 1.5 ሚሊ ይሁን 1.2 ማን ያውቃል? ጋሼ ደንበኛው ፊት ላሜራውን ሚዛን ላይ ያወጡታል። አንድ ሜትር በሁለት ሜትር የሆነ ባለ 1.5 ሚሊ ላሜራ 23 ኪሎ ተኩል ገደማ ይመዝናል። 1.2ቱ 19 ኪሎ አይሞላም። "በዓይንሽ እዪና ከዚያ ቀብድ ትከፍያለሽ" ይላሉ። ብረቱ ከአዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፣ አባይ በረሃን ወርዶ ወጥቶ ነው የሚመጣው። መንገድ ሲዘጋ ዋጋው ይሰቀላል። ያኔም ቢሆን ቀብድ በተቀበሉበት ሥራ ላይ ሲጨምሩ አላየሁም።

አንዴ አንድ መሥሪያ ቤት ብዙ የመስኮት ፍርግርግ ሊያሠራ መጣ። ወሩ ቀዝቃዛ ስለነበር ሁላችንም ደስ ብሎናል። የግዥ ሠራተኛው ቡናውን እየጠጣ "ደረሰኙ ላይ ትንሽ ከፍ ያድርጉልን" አላቸው። ጋሼ ለመጻፍ ያወጡትን እስክሪብቶ ቀስ ብለው ከደኑት። "ልጄ፣ የሠራሁትን እጽፋለሁ። ያልሠራሁትን ምን ብዬ ልጻፍ?" ሰውየው ቡናውን ሳይጨርስ ተነሣ። ሥራውም አብሮት ሄደ።

ሁሉም ሰው አላጨበጨበላቸውም። አንዱ በያጅ "በጽድቅ ሆድ አይሞላ" ብሎ ሲያጉረመርም ሰምቻለሁ። እኔም ፔሮሉን እያሰብኩ ፈርቼ ነበር። ያን ወር ደሞዛችን የተከፈለው ለቤታቸው ጣራ ከያዙት የዕቁብ ብር ነው። ለዚያው በያጅ እሑድ የሠራበት ሰዓት በእጥፍ ታስቦ ገባለት፤ ሕጉ እንደዚያ ስለሚል። ስለ ማጉረምረሙ አንድ ቃል አላነሡበትም።

ደግ የሚባል አሠሪ ብዙ አይቻለሁ። ለበዓል በግ የሚገዛ፣ ሠራተኛው ሲታመም ብርቱካን ይዞ የሚጠይቅ። ጡረታ ሲባል ግን ጆሮው አይሰማም። ጋሼ ለረዳቱ ልጅ ሳይቀር ከደሞዙ 7 በመቶ፣ ከራሳቸው 11 በመቶ በየወሩ ያስገባሉ። አስገቢዋ እኔ ስለነበርኩ በወሬ የሰማሁት አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁን፣ 1156/2011ን፣ ፎቶ ኮፒ አስደርገው መሳቢያቸው ውስጥ አኑረዋል። ገጾቹ የማሽን ቅባት ጠጥተዋል።

የራሴን ነገር ሳልናገር አላልፍም። ከሳቸው በፊት የነበርኩበት ቦታ፣ ሆዴ ሲገፋ "ደክሞሻል፣ እረፊ" ተባልኩና በዚያው ቀረሁ። ስለዚህ ጋሼ ጋ ሁለተኛውን ሳረግዝ ነጠላዬን ሰፋ አድርጌ እየለበስኩ ዝም አልኩ። ለካስ ገብቷቸዋል። አንድ ቀን ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆመው "እታለም፣ ሕጉ ስንት ቀን ይላል?" አሉኝ።

"120" አልኩ አንገቴን ደፍቼ።

"30ው ከመውለድሽ በፊት አይደለም እንዴ? ታዲያ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?"

ደሞዜ ሳይቆረጥ በየወሩ ገባ። ስወልድ በያጆቹን ሁሉ አስከትለው፣ ቅቤና ማር ይዘው "እንኳን ማርያም ማረችሽ" ሊሉኝ መጡ። ያ አጉረምራሚውም አለበት። በቦታዬ የቀጠሯትን ልጅ ከመጀመሪያው "ባለቦታዋ ትመለሳለች" ብለው ውሏ ላይ አስፍረውላታል። ስመለስ ግን ሜዳ ላይ አልጣሏትም፤ የዕቃ ግምጃ ቤቱን ሰጧት። ይሄኛው በአዋጁ የለም።

እንከናቸውንም ልንገራችሁ። ዋጋ አይቀንሱም፤ ብትለምኑም ብትምሉም። ሥራ ላይ ሲሆኑ ስልክ አያነሡም። መብራት ሲጠፋ ሥራው ይዘገያል፣ ያለቻቸው ጄኔሬተር ብየዳ አትችልም። ያለ መነጽር ግራይንደር የነካ ልጅ ካዩ ጩኸታቸው አስፋልት ድረስ ይሰማል (እሱ እንኳ እንከን አይደለም፣ የዓይን ጉዳይ ነው)። በጣፋጭ ቃል የማይደልሉ ሰው ናቸው። አይደርስም ካሉ አይደርስም።

ጋሼ፣ ስለ ሁሉም እግዜር ይስጥልኝ። ዕድሜና ጤና ይስጥዎት።

አድራሻቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እልክላችኋለሁ። ብየዳ የምትችሉ ልጆችም ጠይቁ፤ ሰው እየፈለጉ ነው። ሲቀጥሩ የሙከራ ጊዜውን በጽሑፍ ይሰጧችኋል፣ ከ60 የሥራ ቀን አያሳልፉትም። በር የምታሠሩት ደግሞ ለፋሲካ አዲሱ ቤት ለመግባት ካሰባችሁ ጾሙ ሳይጋመስ ሂዱ። ከዚያ በኋላ ወረፋ አታገኙም።