አስቀድሞ መጠየቅ ወይስ በኋላ እምቢ ማለት? የአውሮፓና የካሊፎርኒያ የግል መረጃ ሕጎች

የአውሮፓ ኅብረት የመረጃ ጥበቃ ደንብ እ.ኤ.አ. ከ2018፣ የካሊፎርኒያ የሸማቾች ግላዊነት ሕግ ደግሞ ከ2020 ጀምሮ ሥራ ላይ ናቸው። ልዩነታቸው ከመነሻው ነው። በአውሮፓ መረጃዎን የሚፈልግ ድርጅት አስቀድሞ ፈቃድዎን ወይም ሌላ ሕጋዊ ምክንያት መያዝ አለበት። በካሊፎርኒያ መሰብሰቡ በመሠረቱ የተፈቀደ ነው፤ «መረጃዬን አትሽጡብኝ» ማለት የእርስዎ ድርሻ ነው።

በወረቀት ላይ የአውሮፓው ይበልጣል። ፍራንክፈርት ተቀምጦ አንድ ድረ ገጽ የከፈተ ሰው የሚገጥመው ግን ሌላ ነው፦ ገጹን የሸፈነ ፈቃድ ጠያቂ ሳጥን፣ «ሁሉንም ተቀበል» የሚል ደማቅ ቁልፍ፣ እምቢታው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከሌላ ገጽ ጀርባ የተሸሸገ። ዜና ለማንበብ የቸኮለ ሰው ሳያነብ ይጫናል፤ ፈቃድ ተብሎ የሚመዘገበውም ይኸው ነው!

ካሊፎርኒያ እዚህ ላይ ብልሃት አላት። በብሮውዘርዎ (በድረ ገጽ መክፈቻዎ) ላይ አንድ ጊዜ የሚያበሩትን «አትሽጡ» የሚል ምልክት ሕጉ የሚመለከታቸው ድርጅቶች ሁሉ ማክበር ግዴታቸው ነው። በካሊፎርኒያዋ ኦክላንድ የሚኖር ዘመድ ካለዎት ዛሬውኑ ቢያበራው እመክራለሁ። ችግሩ፣ ምልክቱ መኖሩን የማያውቅ ሰው መረጃው ሲሸጥ ይኖራል።

በቅጣት በኩል ንጽጽርም የለ። የመዋቢያ ዕቃ ሻጩ ሴፎራ ይህንኑ ምልክት ችላ ብሏል ተብሎ በ2022 ከካሊፎርኒያ ጋር በ1.2 ሚሊዮን ዶላር ተስማማ። የፌስቡክ ባለቤት ሜታ የአውሮፓውያንን መረጃ ወደ አሜሪካ በማሻገሩ በ2023 የአየርላንድ ተቆጣጣሪ የጣለበት ቅጣት 1.2 ቢሊዮን ዩሮ ነበር።