ከሦስቱ ቁልፍ ሁለቱ ሻጩ ጋር ከቀሩ መልቲሲግ አልገዛችሁም

«ባለ ብዙ ፊርማ (መልቲሲግ) ዋሌት እናዘጋጅላችኋለን፤ እናንተ ክሪፕቶውን ማስገባት ብቻ ነው» የሚል ጥቅል አገልግሎት ለመግዛት ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ከመክፈላችሁ በፊት ይቺን አንብቡ። አንድ ወዳጄ ከፍሎ፣ መሣሪያውና ወረቀቱ ከደረሰው በኋላ «እስቲ አንተም እየው» ብሎ አመጣልኝ። ደግነቱ ገና ምንም አላስገባበትም ነበር።

የሚያናድደው ማስታወቂያው ላይ የተጻፈው ውሸት አለመሆኑ ነው። ዋሌቱ በእርግጥም «ከሦስት ሁለት» የሚባለው ነው። ሦስት ቁልፎች አሉት፤ ገንዘብ ለማንቀሳቀስ ከሦስቱ ሁለቱ መፈረም አለባቸው። አንዱ ቢጠፋ ወይም ቢሰረቅ ገንዘቡ አይነካም። ሦስቱን ቁልፎች ማን እንደያዛቸው ግን ማስታወቂያው አይናገርም።

ወዳጄ እጅ የገባው አንድ ሃርድዌር ዋሌት (ቁልፍ ይዞ የሚፈርም ትንሽ መሣሪያ) እና የሦስቱ ቁልፎች መለያ የተዘረዘረበት አንድ ገጽ ነው። መለያው ፊንገርፕሪንት ይባላል፤ ከፊደልና ከቁጥር የተሠራ ባለ ስምንት አሃዝ ኮድ ነው፣ የራሳችሁን ቁልፍ ኮድ ከመሣሪያችሁ ማየት ትችላላችሁ። ከወረቀቱ ጋር አስተያየነው፤ አንዱ ብቻ ገጠመ። ሁለቱስ የት ናቸው ብለን ስንጠይቅ «አንዱ ለመጠባበቂያ እኛ ጋ ተቀምጧል፣ ሌላው ሰርቨራችን ላይ ሆኖ በራሱ ይፈርማል» የሚል መልስ መጣ። እንግዲህ ቁጠሩት። ሻጮቹ ወዳጄን ሳያስፈቅዱ ያለውን ጠራርገው ማውጣት ይችላሉ፤ እሱ ግን ያለ እነሱ ፈቃድ ቤሳቤስቲን ማንቀሳቀስ አይችልም። ገንዘቤን ሌላ ሰው ይያዝልኝ ብሎ አውቆ የሚሰጥ ሰው መብቱ ነው፤ «ቁልፉ በእጅዎ ነው» ብሎ ይህንን መሸጥ ግን ማጭበርበር ነው። ቁልፍ በመጋራት በግልጽ የሚሠሩ ድርጅቶች ከሦስቱ አንዱን ብቻ ይዘው ሁለቱን ለደንበኛው ይተዋሉ። ስለዚህ ድርጅቱ ነገ ቢዘጋ እንኳ ደንበኛው ገንዘቡን ያወጣል።

መሣሪያው ራሱም ፒን ተሞልቶለት፣ 24ቱ የሲድ ቃላት (ቁልፉ የሚወጣባቸው ቃላት) በካርድ ላይ ታትመው ነበር የመጣው። «እንዳይደክሙ ብለን ነው» አሉ። ቃላቱን ያየ ሰው ቁልፉን ይዟል፤ ሌላ ምንም አያስፈልገውም። ስለዚህ ያቺ የቀረችው አንዷ ቁልፍም የወዳጄ ብቻ አልነበረችም። ዘዴው አዲስ አይደለም፤ በ2018 መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) በኢቤይ ሌጀር የተባለውን ሃርድዌር ዋሌት የገዛ ሰው ቃላቱ አስቀድመው የተጻፉበት የሚፋቅ ካርድ አብሮ ደርሶት ገንዘቡን ማጣቱ በሰፊው ተወርቶ ነበር። ቃላቱን መሣሪያው ራሱ፣ እናንተ ፊት፣ በራሱ ስክሪን ላይ ማውጣት አለበት።

ብዙ ሰው የማያውቀው፣ እኔም ረዘም አድርጌ ልጽፈው የምፈልገው ግን ሌላ ነው። በቢትኮይን ላይ በተለመደው መልቲሲግ ገንዘብ ለማውጣት ሁለት ቁልፍ ብቻ አይበቃም። አድራሻው የሚሠራው ከሦስቱም የሕዝብ ቁልፎች በተሰናዳ ስክሪፕት ነው፤ ስታወጡ ያ ስክሪፕት ሙሉውን መቅረብ አለበት። ስለዚህ ሁለት ሲድ ይዛችሁ የሦስተኛውን ኤክስፐብ (የሕዝብ ቁልፎቹ ሁሉ የሚወጡበትን ኮድ) ካጣችሁ ዋሌቱን መልሳችሁ መገንባት አትችሉም። ብሎክቼይኑ ላይ ገንዘቡ ይታያችኋል፣ መንካት ግን የለም፤ ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኼ ነው። ስፓሮው የተባለው ነፃ ሶፍትዌር መልቲሲግ ስትፈጥሩ ሁሉም ኤክስፐቦች እንደሚያስፈልጉ ነግሮ ዲስክሪፕተሩን (ኤክስፐቦቹና የፊርማው ደንብ አንድ ላይ የተጻፉበትን የዋሌት መግለጫ) እንድታስቀምጡ የሚወተውታችሁ ለዚህ ነው።

የወዳጄ ውል ደግሞ «የዋሌቱ ኮንፊገሬሽን ፋይል የድርጅቱ ንብረት ነው፤ ለደኅንነት ሲባል ለደንበኛ አይሰጥም» ይላል። የምን ደኅንነት? ፋይሉ የሚይዘው ኤክስፐቦቹንና ዲስክሪፕተሩን ነው፤ ኤክስፐብ ያገኘ ሰው ሒሳባችሁንና ዝውውራችሁን ያያል እንጂ አንድ ሳቶሺ (የቢትኮይን ትንሿ ሽርፍራፊ) አያወጣም። የሚከለክሉበት ምክንያት ያለ እነሱ እንዳትንቀሳቀሱ ነው፣ አለቀ። ሻጩ ኤክስፐቦቹን ወይም ዲስክሪፕተሩን አልሰጥም ካለ ሌላውን ጥያቄ ሳትጨርሱ ተነሱ።

ክፍያውም አለ። ለእያንዳንዱ ወጪ በመቶኛ የሚታሰብ «የፊርማ ክፍያ» ይቆርጣሉ። የቢትኮይን ኔትወርክ ክፍያ በትራንዛክሽኑ የዳታ መጠን ነው የሚሰላው፤ ብዙ ፊርማ ያለበት ትራንዛክሽን ትልቅ ስለሆነ ትንሽ ይወደዳል፣ ከምትልኩት ብር ብዛት ጋር ግን ግንኙነት የለውም። ዋሌቱን ራሳችሁ የምትሠሩባቸው ሶፍትዌሮች፣ ኤሌክትረምም ስፓሮውም፣ በነፃ የሚወርዱ ናቸው። ኤሌክትረም ላይ አዲስ ዋሌት ስትከፍቱ የመልቲሲግ ምርጫ አለ፤ ስንት ፈራሚ፣ ስንት ፊርማ ብላችሁ እየጎተታችሁ ታስተካክላላችሁ፣ ከዚያ የእያንዳንዱን ቁልፍ ታስገባላችሁ። ቅዳሜ ከሰዓት የሚያልቅ ሥራ ነው።

ኢተሪየም ላይ የሚሸጡላችሁ ከሆነ ሌላ ወጥመድ አለ። ሴፍ በተባለው ዋሌት የባለቤቶቹን ዝርዝርና የሚፈለገውን የፊርማ ብዛት አይታችሁ አትመለሱ፤ ሞጁሎች የሚለውንም ክፈቱ። ሞጁል ማለት ዋሌቱ ላይ የሚጨመር ተቀጥያ ፕሮግራም ነው፤ ከተጫነ የባለቤቶች ፊርማ ሳያስፈልገው ገንዘብ ማንቀሳቀስ ይችላል። «የራሳችን ስማርት ኮንትራት (ብሎክቼይን ላይ የሚሠራ ፕሮግራም) አለን» የሚላችሁን ደግሞ ይቅርብኝ በሉት። በኅዳር 2017 (እ.ኤ.አ.) ፓሪቲ የተባለው ድርጅት የሠራቸው መልቲሲግ ዋሌቶች የሚጋሩት አንድ ኮንትራት በመጥፋቱ ከ513 ሺህ በላይ ኢተር (የኢተሪየም ገንዘብ) ባለበት ታስሮ ቀርቷል፤ ያውም በባለሙያዎች የተሠራ ኮንትራት ነበር።

«እኛ እንልክልዎታለን፣ እርስዎ መፈረም ብቻ» የሚለውም አያስደስታችሁ። የካቲት 21 ቀን 2025 (እ.ኤ.አ.) ባይቢት በተባለው የክሪፕቶ መገበያያ ላይ 1.5 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የሚገመት ኢተር የተወሰደው ፈራሚዎቹ በድረ ገጹ ያዩትና በመሣሪያቸው የፈረሙት የተለያየ ስለነበር ነው። ኮምፒውተሩ የሚያሳያችሁን ሳይሆን የሃርድዌር ዋሌታችሁ ስክሪን የሚያሳየውን አድራሻና መጠን እመኑ። ስክሪኑ ላይ ያለው የማይነበብ ከሆነ አትፈርሙ።

ሳልረሳው፦ ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ «ዩኤስዲቲ (ዋጋው ከዶላር ጋር የታሰረ ክሪፕቶ) አለኝ፣ ማውጣት አቃተኝ» ብሎ ሲዱን በአደባባይ የሚለጥፍ ሰው ካያችሁ አልፋችሁት ሂዱ። ዋሌቱ ትሮን በተባለው ኔትወርክ ላይ በመልቲሲግ የተቆለፈ ስለሆነ ሲዱ ብቻውን ምንም አያወጣም፤ ለኔትወርክ ክፍያ ብላችሁ የምታስገቡት የትሮን ሳንቲም ወደ ሌባው ይሄዳል።

በሌላ ሰው እርዳታ ያሰናዳችሁ ከሆነ ዋናውን ገንዘብ ከማስገባታችሁ በፊት እንዲህ ሞክሩ። ትንሽ አስገቡ። መሣሪያዎቹ ውስጥ ያለውን ሙሉ በሙሉ ደምስሱና በጽሑፍ ካስቀመጣችሁት ሲድና ዲስክሪፕተር፣ ከበፊቱ በተለየ ሶፍትዌር ዋሌቱን መልሱ። የመጀመሪያው መቀበያ አድራሻ ከቀድሞው ጋር አንድ መሆኑን አመሳክሩ፣ ከዚያ ያስገባችሁትን በሁለት ቁልፋችሁ አውጡ። ይህ ሁሉ ሻጩን ሳትደውሉለት መሆን አለበት። አንዱ ቦታ ላይ እሱን መጥራት ካስፈለገ መልሱን አገኛችሁ።

ገንዘባችሁ ቀድሞ እንዲህ ያለ ዋሌት ውስጥ የገባባችሁ ደግሞ መጀመሪያ ከሻጮቹ ጋር አትጣሉ። ብቻችሁን ማውጣት ስለማትችሉ የእነሱ ፊርማ ያስፈልጋችኋል፣ እነሱ ግን የእናንተ አያስፈልጋቸውም። ቁልፎቹን ራሳችሁ ያወጣችሁበት አዲስ ዋሌት አዘጋጁ፤ ከዚያ እንደ ተራ ወጪ መጀመሪያ ትንሽ፣ ቀጥሎ የቀረውን ወደዚያ እንዲፈርሙ ጠይቁ፤ ለምን ብለው ከጠየቁ ክፍያ አለብኝ በሉ። የወጪ ክፍያውንም ቢቆርጡ ለጊዜው ዋጡት። ውሉን፣ የመልእክት ልውውጡንና የክፍያ ደረሰኙን ስክሪንሾት አድርጋችሁ አስቀምጡ፤ አቤቱታው ገንዘቡ ከወጣ በኋላ ይደርሳል። ወደ አሮጌው አድራሻ ገንዘብ ለሚልኩላችሁ ሰዎችም በዚያው ቀን አዲሱን አድራሻ ላኩላቸው፤ ተሳስተው ቢልኩበት እንደገና ያንኑ ሻጭ ልትለምኑ ነው።