ወደ አገር ቤት ለመደወል የቱ ያዋጣል? ካርድ ወይስ ዳታ?

ዲሲ አካባቢ ያሉ ወዳጆቼ ይህን ጥያቄ በየጊዜው ያነሱብኛል። መልሴ አንድ ነው። የጥሪ ካርዱን ተዉትና ለቤተሰብ ዳታ ግዙ።

ሒሳቡን እንየው። ካርዱ ደቂቃውን 20 ሳንቲም ቢያስከፍል 10 ዶላር 50 ደቂቃ ያስወራል። ያውም ሳይሸራረፍ ከደረሳችሁ ነው። የማገናኛ ተብሎ ይቆረጣል፤ ካርዱ ሲያድር ደግሞ የአገልግሎት ተብሎ ይቆረጣል። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2008 የካርድ ኩባንያዎችን የከሰሰው ቃል የገቡትን ደቂቃ ስለማይሰጡ ነው።

በዋትሳፕ የድምፅ ጥሪ ግን በደቂቃ ግማሽ ሜጋባይት ገደማ ነው የሚበላው። በአንድ ጊጋባይት 30 ሰዓት ያህል ታወራላችሁ። ቪዲዮ ከከፈታችሁ ግን ወዲያው ያልቃል።

ርካሽ ካርድ ሌላም ጣጣ አለው። በአንዱ ስደውል እናቴ ስልክ ላይ የሚወጣው የማታውቀው የ09 ቁጥር ነበር። የገዛ ድምፄ ተመልሶ ይሰማኛል፤ እሷ መልሳ ስትደውል አይሠራም። ሲም ቦክስ የሚባለው እንዲህ ነው የሚሠራው። ጥሪው በኢንተርኔት አገር ቤት ይገባና በተራ ሲም እንደ አገር ውስጥ ጥሪ ይተላለፋል። ኢትዮ ቴሌኮም ከውጭ ጥሪ የሚያገኘው ምንዛሪ በዚህ ይቀርበታል። የ2004ቱ የቴሌኮም ማጭበርበር አዋጅም ይህን በወንጀል ያስቀጣል። በዋትሳፕ ስንደውልም የውጭ ጥሪ ገቢው ይቀንሳል፤ ዳታውን የሚሸጠው ግን ያው እሱ ነው፣ ወይም እ.ኤ.አ. ከ2022 ወዲህ ሳፋሪኮም። እኔ ይሄኛው ይሻላል ባይ ነኝ።

አገር ቤት ዋትሳፕ ስታስጭኑ ግን አደራ! አንዳንድ ሞባይል ቤት ጂቢ ዋትሳፕ የሚባለውን ኮፒ ይጭናል። ዋናው ዋትሳፕ ሲደርስበት አካውንቱን ያግዳል፣ እናንተም ለምን ስልክ አታነሳም ብላችሁ ስትጨነቁ ትሰነብታላችሁ። ከፕሌይ ስቶር ይውረድ።

ኤምሬትስ ያላችሁ እህቶች፣ እዚያ የዋትሳፕ ጥሪ ስለሚታገድ በፈቃድ የሚሠራውን ቦቲም የሚባል የጥሪ አፕ ተጠቀሙ።

ዘመዳችሁ ያለው ኔትወርኩ ደካማ የሆነ ገጠር ከሆነ፣ ወይም የያዘው ባለ ቁልፍ ስልክ ከሆነ፣ በቀጥታ ወደ ቁጥሩ የሚደውል አፕ ያስፈልጋችኋል። ከካርድ የሚሻለው የደቂቃውን ዋጋ አስቀድሞ ስለሚያሳይ ነው። ብዙ ብር ግን አትሙሉበት። እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው ስካይፕ እንኳ በግንቦት 2025 ተዘግቷል። አምስት ዶላር ሙሉ፣ ሲያልቅ ጨምሩ።