ከፒያሳ የገዛኋቸው ሦስት የታጋዮች ታሪኮች

ደሴ ፒያሳ፣ መንገድ ዳር መጽሐፍ ዘርግቶ ከሚሸጥ ልጅ ሦስት አሮጌ የእንግሊዝኛ መጻሕፍት ገዛሁ። በ600 ብር ተስማማን። የአሜሪካ ጥቁሮችን የመብት ትግል የመሩ ሰዎች ታሪክ ነው፤ ለወጣቶች ተብሎ የተጻፈ። አንዱ የክላውዴት ኮልቪን፣ አንዱ የጆን ሉዊስ፣ አንዱ የማርቲን ሉተር ኪንግ። ዘጠነኛ ክፍል ላለችው ልጄ ነው። እንግሊዝኛዋ ይሻሻልላታል ብዬ ነበር።

የክላውዴትን በሁለት ቀን ጨረሰችው። ኮምቦልቻ አክስቷ ጋ ስንሄድ፣ ሐረጎን እየወረድን ሚኒባስ ውስጥ ተረከችልኝ። አውቶቡስ ውስጥ ለነጭ ወንበር አልለቅም ብላ ስለታሰረች ጥቁር ሴት ሲነሳ እኔ የማውቀው ሮዛ ፓርክስን ብቻ ነበር። ለካ ከእሷ ዘጠኝ ወር ቀድማ፣ እ.ኤ.አ. ማርች 2 ቀን 1955፣ አላባማ ውስጥ በሞንትጎመሪ ከተማ ክላውዴት የምትባል ተማሪ ለነጭ ሴት ወንበር አልለቅም ብላ ታስራለች። 15 ዓመቷ ነበር። የእኔም ልጅ 15 ዓመቷ ነው። ፖሊሶቹ እጇን በካቴና አስረው ሲወስዷት የሚለው ጋ ስትደርስ ድምጿ ተቀየረ። ከኋላችን የተቀመጡ እናት አላስቻላቸውም። "አብሽሪ የሚላት ሰው ጠፋ?" አሉ።

"እናቷና ፓስተሯ መጥተው አስፈቷት፣ እማማ" አለቻቸው።

መጽሐፉን የወደድኩት እዚያ ላይ ስለማያቆም ነው። የትግሉ መሪዎች ልጅ ናት ብለው ወደ ፊት እንዳላወጧት፣ በኋላም ማርገዟን፣ ምንም ሳይሸፋፍን ይነግራል። እንዲያም ሆኖ በ1956 ከሌሎች ሦስት ሴቶች ጋር ከሳሽ ሆና ፍርድ ቤት ቆመች፤ መሰከረች። የከተማው ጥቁሮች 381 ቀን አውቶቡስ አንሳፈርም ብለው በእግራቸው ሲሄዱ፣ ጥቁርና ነጭን ለይቶ የሚያስቀምጠውን ሕግ የጣለው ያ ክስ ነው። የፍርድ ቤቱ ክፍል ቃላቱ ይከብዳሉ። ለልጄ በእርሳስ ዳር ዳሩን ትርጉም ጻፍኩላት።

የጆን ሉዊስን ትንሹ ልጄ ወሰደው። ሉዊስ የገበሬ ልጅ ነው። ልጅ ሆኖ ዶሮ ይጠብቅ ነበር፤ ለዶሮዎቹ ይሰብክላቸዋል፣ ሲሞቱም ቀብር ያወጣላቸዋል። ይህን ገጽ አራት ጊዜ አንብቤለታለሁ። ያ ልጅ ነው በ23 ዓመቱ ዋሽንግተን ላይ በተደረገው ትልቅ የመብት ሰልፍ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት የተናገረው፤ በ1965 ደግሞ አላባማ ውስጥ ሰልማ ከተማ፣ ድልድይ ላይ በፖሊስ ዱላ ራስ ቅሉ የተሰነጠቀው። ያሳዘነኝ፣ መጽሐፉ መሃሉ ላይ ስምንት ገጽ ጎድሎታል። ሻጩ ጋ ብመለስ "ያለው እሱ ነው" አለኝ። ስትገዙ ገጹን እየገለጣችሁ እዩ።

የኪንግን አልመክርም። ገና ከመጀመሪያው ሐውልት አድርጎ ያቆመዋል። የሞንትጎመሪውን ትግል ሲመራ 26 ዓመቱ ነበር፤ ገና ልጅ እግር። በጥር 1956 ቤቱ ላይ ቦምብ ሲጣል ሚስቱና ጨቅላ ልጁ ውስጥ ነበሩ። መጽሐፉ ይህን በአንድ መስመር አልፎታል! ያን ሌሊት ምን አሰበ? ልጁን አቅፎ ምን አለ? አንድ ወጣት ማወቅ የሚፈልገው ይህን ነው። ልጄ ሃያ ገጽ አንብባ ተወችው፤ አልፈረድኩባትም።

ክላውዴትን አሁን የጎረቤታችን ልጅ ወስዳዋለች። ሻጩ የፋኒ ሉ ሄመርን አመጣለሁ ብሎኛል። እሷ የሚሲሲፒ ጥጥ ለቃሚ ነበረች፤ ለምርጫ ልመዝገብ ብላ ሄዳ ከሥራዋ የተባረረች። ካመጣው፣ ገጹን ቆጥሬ፣ 300 ብርም ቢለኝ እወስደዋለሁ።