ጊትሀብ አክሽንስ ለሮቦቲክስ ቡድን፦ ከወራት አጠቃቀም በኋላ

ኤፍአርሲ በሚባለው የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የሮቦት ውድድር ላይ በሚሳተፍ ቡድን ውስጥ ኮድ የሚጽፉ ተማሪዎችን አግዛለሁ። የምንጽፈው በጃቫ ነው፤ ላይብረሪያችን (የምንገለገልበት የተዘጋጀ ኮድ) ደግሞ የውድድሩ ቡድኖች የሚጠቀሙበት ደብሊውፒአይሊብ። ኮዳችንን የምናስቀምጥበት የጊትሀብ ድረ ገጽ አካል የሆነው ጊትሀብ አክሽንስ የተማሪዎቹን ኮድ በራሱ ኮምፓይል እያደረገ (ማሽን ወደሚያስኬደው ፕሮግራም እየለወጠ) ሲፈትሽልን ወራት ሆኖታል። ኮድ የሚጽፈው ተማሪ ከአንድ በላይ ከሆነ ይህን ነገር ሳትጀምሩ አትቆዩ እላለሁ። የማይሠራውንም አውቃችሁ ጀምሩት።

አሠራሩ ቀላል ነው። ፕሮጀክቱ ውስጥ ምን እንደሚሠራ የሚነግረው አንድ አጭር የያምል ፋይል ይቀመጣል። ተማሪ ኮድ ፑሽ ሲያደርግ (ወደ ጊትሀብ ሲልክ) ወይም ፑል ሪኩዌስት ሲከፍት (ለውጡ ከሌላው ኮድ ጋር እንዲቀላቀል ሲጠይቅ) አንድ አዲስ የላይነክስ ማሽን ይነሳል። ማሽኑ በደብሊውፒአይሊብ የተዘጋጀውን የዶከር ኮንቴይነር (የሚያስፈልጉት መሣሪያዎች የታሸጉበት ጥቅል) ይጭናል፣ ኮዱን ያወርዳል፣ ከዚያ ኮዱን ኮምፓይል የሚያደርገውን የግሬድልን ቢልድ ያስኬዳል። ከተሳካ አረንጓዴ፣ ካልተሳካ ቀይ ምልክት ይወጣል። ፋይሉን ከዜሮ መጻፍ አይጠበቅባችሁም፤ ናሙናው የደብሊውፒአይሊብ ሰነድ ላይ አለ። ሪፖው (የኮዱ ማከማቻ) ለሁሉም ክፍት ከሆነ ክፍያ የለም። ዝግ ከሆነ ነጻው ፕላን በወር 2,000 ደቂቃ ይሰጣል፤ ለአንድ ቡድን ከበቂ በላይ ነው።

የወደድኩት ያ ማሽን ሁልጊዜ ከባዶ መነሳቱን ነው። የተማሪ ላፕቶፕ ውስጥ እኮ የማይጠራቀም ነገር የለም። አንዷ ተማሪያችን ለክንዱ ሞተር አዲስ ላይብረሪ ጨመረች። እሷ ጋ ምንም ችግር የለም፣ ቢልዱ ያልፋል። ፑሽ ስታደርግ ግን ቀይ መጣ፤ «ፓኬጁ የለም» ይላል። ሎጉን (የሥራውን መዝገብ) ከፍታ ወደ ታች ስትወርድ ገባት። የአምራቾች ላይብረሪዎች በሚዘረዘሩበት ቬንደርዴፕስ ፎልደር ውስጥ የገባውን የጄሰን ፋይል ኮሚት አላደረገችውም (ከለውጦቿ ጋር አልመዘገበችውም)። ጨመረችው፣ አረንጓዴ ሆነ። ማንንም አልጠየቀችም። ይህ ነገር ድሮ ቢሆን የሚታወቀው ሌላ ልጅ ኮዱን በራሱ ላፕቶፕ ሲከፍት ነው፤ ያውም ብዙ ጊዜ ሮቦቱ ተሰክቶ ሁሉም ቆሞ ሲጠብቅ።

ሌላው ቶሎ ቶሎ የሚያጋጥመን የፋይል ስም ጉዳይ ነው። ተማሪው የክላሱን (የአንዱን የኮድ ክፍል) ስም የመጀመሪያ ፊደል ከትንሽ ወደ ትልቅ ይቀይራል፣ የፋይሉንም እንደዚሁ። ዊንዶውስ ትንሹንና ትልቁን ፊደል ስለማይለይ እዚያ ላይ ጊት (የኮድ ለውጥ መመዝገቢያው) ለውጡን ላይመዘግበው ይችላል። ላይነክስ ግን ይለያል፤ ስለዚህ ቢልዱ ይወድቃል። እንዲህ ያለውን በዓይን ፈልጎ ማግኘት ያደክማል።

ዋናው ብራንች (ሁሉም የሚጋራው የኮዱ ቅጂ) ላይ ቀይ ምልክት ያለው ኮድ እንዳይገባ ዘግተናል። መጀመሪያ ልጆቹ አጉረመረሙ። አሁን ግን ማንም ሰው ዋናውን ብራንች ሲያወርድ ቢያንስ ኮምፓይል እንደሚያደርግ እርግጠኛ ነው። ለጀማሪ ተማሪ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ «የሁሉንም ሥራ አበላሽ ይሆን?» የሚለው ፍርሃት ይቀንስለታል።

የሚያስከፋውም አለ። በየጊዜው ላይብረሪ ማውረድ ስላለበት ዘገምተኛ ነው። አንድ ጊዜ ደግሞ የአንድ አምራች ሰርቨር አልመልስ ብሎ ያለጥፋታችን ቀይ ሲያሳየን አመሸ። ቆይቶ እንደገና ማስኬድ እንጂ ሌላ መፍትሔ አልነበረውም።

ከሁሉም በላይ ግን አረንጓዴ ማለት ሮቦቱ ይሠራል ማለት አይደለም። ለሁለት ሞተር አንድ ዓይነት የካን መለያ ቁጥር (ሮቦቱ ሞተሮቹን የሚለይበት) ብትሰጡ ኮዱ ያልፋል። ሞተሩ ወደ ኋላ እንዲዞር ብትጽፉም ያልፋል። ሮቦቱ ገና ሲነሳ ኮዱ የሚሞትበት ስህተትም ቢሆን ኮምፓይለሩን አያሳስበውም። ይህኛውን ግን በከፊል መያዝ ይቻላል። የሮቦቱን ክፍሎች የሚያሰባስበውን፣ ሮቦት ኮንቴይነር የሚባለውን ክላስ በሲሙሌሽን (ያለ ሮቦት፣ ኮምፒውተር ላይ) የሚፈጥር አንድ አጭር የጄዩኒት ቴስት (የጃቫ መፈተሻ ኮድ) ጻፍን። የግሬድል ቢልድ ቴስቶችንም አብሮ ስለሚያስኬድ ሌላ ዝግጅት አልጠየቀንም፤ ቢልድ ፋይሉ ላይ የዴስክቶፕ ድጋፍን ማብራት ብቻ ነው። ቴስቱ ጥቂት መስመር ቢሆንም ባዶ ኦብጀክት (ገና ያልተፈጠረ ነገር) የመጥራት ስህተቶችን ደጋግሞ ይዞልናል። ስትጀምሩ አብራችሁ ጻፉት።

ውድድር ሜዳ ላይ በዚህ መሣሪያ አትመኩ። እዚያ ቡድኖች የራሳቸውን ዋይፋይ መክፈት አይፈቀድላቸውም፤ ኮዱም ከላፕቶፕ በኬብል በቀጥታ ወደ ሮቦሪዮ (ሮቦቱ ላይ ወዳለው ኮምፒውተር) ነው የሚሄደው። እኛ ለውድድር ቀን የተለየ ብራንች እንከፍታለን። እያንዳንዱ ለውጥ እዚያው ላፕቶፕ ላይ ኮሚት ይደረጋል፣ ኢንተርኔት ስናገኝ ፑሽ እናደርገዋለን፣ ቼኩን ካለፈ በኋላ ወደ ዋናው ይቀላቀላል።

በየዓመቱ በፈረንጆቹ ጃንዋሪ የአዲሱ ሲዝን ጨዋታ ይፋ ሲሆን ደግሞ ሦስት ቦታ አስተካክሉ፦ ያምሉ ውስጥ ያለውን የኮንቴይነር ዓመት፣ የግሬድልሪዮን (ለኤፍአርሲ የተዘጋጀው የግሬድል ተጨማሪ) ስሪት፣ የቬንደርዴፕስ ፋይሎችን። አንዱ ከቀረ ቢልዱ ሊወድቅ ይችላል። ይህን ሥራ ለአዲስ ተማሪ ስጡት፤ ፕሮጀክቱ እንዴት እንደተያያዘ በአንድ ከሰዓት ይገባዋል።