ቀለም የሌለው የመስታወት ፊልም

ለእህቴ ክፍል መስኮት ያስለጠፍነው ጨረር መከላከያ ፊልም ከጠበቅኩት በላይ ነው። አሁን ቀን ላይ መጋረጃ ገልጣ ታነባለች።

ሻጩ መጀመሪያ ያወጣልኝ ጥቁሩን ነበር። "ይሄ ፀሐይ የሚባል አያስገባም" አለኝ። ጥቁርነት ሌላ፣ አልትራቫዮሌት የሚባለውን ዓይን የማያየው የፀሐይ ጨረር መከልከል ሌላ ነው። መታየት ያለበት ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር ነው። እኔ የወሰድኩት ጥርት ያለው 99 በመቶ ያስቀራል ይላል። ተራ መስታወት አልትራቫዮሌት "ቢ" የሚባለውን ዓይነት በአብዛኛው ቢይዝም "ኤ" የሚባለውን ግን በብዛት ያሳልፋል።

እንዲህ የምጨቀጭቀው እህቴ ዜሮደርማ ፒግመንቶሰም የሚባል፣ ቆዳን በፀሐይ በቀላሉ ለካንሰር የሚያጋልጥ የዘር በሽታ፣ ቫሪያንት የሚባለው ዓይነት፣ ስላለባት ነው። አልትራቫዮሌት ዲኤንኤ ላይ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ታይሚኖችን፣ ከዲኤንኤ አራት ፊደላት አንዱን፣ ያጣብቃል። ሴሉ ዲኤንኤውን ሲገለብጥ ዋናው ኢንዛይም እዚያ ሲደርስ ቀጥ ይላል። የደበዘዘ ፊደል ገጥሞት በግምት አልጽፍም እንዳለ ቁም ጸሐፊ ነው። ያኔ ሴሉ ፒሲኤንኤ በሚባለው፣ ዲኤንኤውን በከበበው ቀለበት ላይ ዩቢኩቲን የተባለ ምልክት ይለጥፋል። በዚህ ተጠርቶ ፖሊሜሬዝ ኢታ የሚባል ሌላ ገልባጭ ኢንዛይም ይገባል። ሁለቱን የተጣበቁ ታይሚኖች አንድ ላይ የሚይዝ ሰፊ ቦታ አለው፤ ትይዩአቸው የታይሚን ጥንድ የሆነውን ፊደል፣ ሁለት አዴኒን፣ ያስቀምጥና ያልፋል። ትንሽ ሄዶ ለዋናው ይለቃል። መልቀቁም ደግ ነው፤ ጤነኛ ዲኤንኤ ላይ ከሠራ ብዙ ይሳሳታል። ይህ ኢንዛይም ሁሌም ይገርመኛል።

እህቴ የጎደላት እሱ ነው። ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1999 ነው ይህን ጉድለት ከበሽታው ጋር ያገናኙት። የጉዳት መጠገኛዋ ደህና ነው። ሳይጠገን የቀረውን ግን ሌሎች ኢንዛይሞች ተተክተው ሲያልፉት የተሳሳተ ፊደል ያስገባሉ። የቆዳ ካንሰሩ የሚመጣው ከዚህ ነው። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ፀሐይዋ ቀልድ አታውቅም።

ወደ ሥራው ልመለስ። ለጣፊው ከፍሬሙ ጠርዝ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ትቶ ነበር። ለሌላ ቤት ምንም አይደል፣ ለእኛ ግን አይሆንም። ስነግረው ሳያጉረመርም ልጦ አዲስ ለጠፈ። ውስጡ የቀረው የውሃ አረፋ እየደረቀ ጠፍቷል። መስታወቱን የምናጸዳው በለስላሳ ጨርቅ ነው፤ አሞኒያ ያለው ማጽጃ ፊልሙን ያበላሻል።

ፊልሙ እህቴ ውጪ ስትወጣ ኮፍያዋንና የፀሐይ ክሬሟን አያስቀርም። መስኮቱ ሲከፈትም ዋጋ የለውም። ለመግዛት ካሰባችሁ የአልትራቫዮሌት ቁጥሩ የተጻፈበትን ወረቀት ጠይቁ። ሻጩ የለኝም ካለ ሌላ ሱቅ ሂዱ።